የመርከብ እሾህ

ደብረ ወርቅ ላይ ለመኸር እርሻ የሚከፋፈለው የዩሪያ ጆንያ 50 ኪሎ መሆኑ ተጽፎበታል፤ የመጣበት መንገድ ግን አልተጻፈበትም። በደጀንና በብቸና በኩል በጭነት መኪና ከመድረሱ በፊት ጅቡቲ ወደብ ላይ ጆንያ ውስጥ ገብቷል። የተጫነው ከዓረብ ባሕረ ሰላጤ ከሆነ ደግሞ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ከዳር እስከ ዳር አቋርጧል። ማዳበሪያ የሚያመላልስ መርከብ ለባሕር ወንበዴ የተመቸ ነው፤ ሆዱ ሲሞላ ወደ ውሃው ዝቅ ይላል፣ ፍጥነቱም ከ12 ወይም ከ13 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) ብዙ አያልፍም። የወንበዴዎቹ ጀልባ 25 ኖት ትበራለች። ሦስት የባሕር ማይል ርቃ ከኋላ የታየች ጀልባ ከመርከቡ ጎን ለመድረስ 14 ደቂቃ ያህል ይበቃታል።

ማድነቅ የፈለግሁት ለነዚያ 14 ደቂቃዎች አስቀድሞ የሚሠራውን፣ ጥይት የማይተኮስበትን የእጅ ሥራ ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ኢትዮጵያ የባሕር በር አጥታም መርከቦቿን አላጣችም። በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የንግድ መርከብ ድርጅት ስሙና አደረጃጀቱ ቢለዋወጥም ሥራውን ቀጥሏል፤ መርከቦቹም «ሸበሌ»፣ «ጊቤ»፣ «አሶሳ» እየተባሉ በዚያው ውሃ ተመላልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ብቻ የሶማሊያ ወንበዴዎች ሞክረዋቸዋል ተብለው የተመዘገቡት ጥቃቶች 237 ነበሩ።

ከሥራዎቹ ሁሉ ዓይን የሚይዘው ምላጭ ሽቦው ነው። ለመርከብ የሚመረጠው ቀለበቱ 73 ወይም 98 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ውስጡ በተራ ፒንሳ የማይበጠስ ጠንካራ ብረት ያለው ዓይነት ነው። ያንኑ ሽቦ ሁለት መርከብ ገዝቶ አንዱ አጥር፣ ሌላው ጌጥ ሊያደርገው ይችላል፤ ልዩነቱ አዘረጋጉ ላይ ነው። ቆጣቢ ነኝ ባይ አንዱን ጥቅል እስኪሳሳ ድረስ ይጎትተዋል፤ ያኔ በቀለበትና በቀለበት መካከል ትከሻ የሚያሾልክ ቀዳዳ ይከፈታል። ሥራውን የሚያውቅ ቦሰን፣ ማለትም የመርከበኞች አለቃ፣ አሥር ሜትር ገደማ ሲደርስ ያቆማል፣ ቀለበቶቹም እየተነካኩ ይደረደራሉ። አንድ ረድፍ አይበቃውም፤ ቢያንስ ሁለት፣ ሽቦው ከበረከተለት ከሥር ሁለት ከላይ አንድ አድርጎ ይክበዋል። ክምሩን የሚያቆመው ከመርከቡ አጥር በስተ ውስጥ ሳይሆን ወደ ባሕሩ አሳልፎ ነው። የወንበዴው መሰላል ጫፉ ላይ መንጠቆ አለው፣ መንጠቆው የሚፈልገው የአጥሩን ብረት ነው፤ ብረቱ ከሽቦው ኋላ ከተደበቀ መሰላሉ የሚሰቀልበት ያጣል።

የሚቀረው ሽቦው ራሱ ተነቅሎ እንዳይወድቅ ነው። ለዚህ በቀለበቶቹ መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ የብረት ገመድ ይተላለፋል። አንዱን ቀለበት በመንጠቆ የጎተተ ሰው ጎረቤቶቹን ሁሉ አብሮ መጎተት ይኖርበታል፤ ከምትዋልል ጀልባ ላይ ቆሞ ይህን የሚችል ጉልበተኛ አይገኝም። ጎጃም ውስጥ በረት ያጠረ ሰው ይህ ይገባዋል። የእሾህ ቅርንጫፍ ሲደረደር የተቆረጠው ጉቶ ወደ ውስጥ፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ውጭ ነው፤ ባለቤቱ ጠዋት ጉቶውን ይዞ ይስበዋል፣ ለጅቡ ግን የሚጨብጠው አይተውለትም። በመርከቡም ላይ ማሰሪያዎቹ የሚቋጠሩት በስተ ውስጥ ነው፤ ወደብ ሲቀርብ መፍታት ያለበት መርከበኛው ብቻ ነውና።

ሙያ ያለው ሰው ከሌለው የሚለየው የወደብ መሪው (ፓይለቱ) በገመድ መሰላል በሚወርድበት ቦታ ላይ ነው ባይ ነኝ። እዚያ የግድ ክፍተት ይተዋል። በደንብ በተሠራ መርከብ ላይ የመጨረሻው ቁራጭ ሽቦ ከነማሰሪያው ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ፓይለቱ እግሩን እንዳነሳ ቀዳዳው ይደፈናል። ባልተሠራበት ላይ «ነገ እንዘጋዋለን» ይባላል።

ውሃው ሌላ ሙያ ነው። የእሳት ማጥፊያው ቱቦ ከአጥሩ ጋር ተጠፍሮ፣ አፉ ወደ ውጭና ወደ ታች አዘንብሎ ይታሰራል፤ ፓምፑ የባሕሩን ውሃ እየሳበ በ5 ተኩል ባር ገደማ ግፊት ይተፋዋል። ጥበቡ ሰው ሳይይዘው መሥራቱ ነው፤ ቱቦ ይዞ አጥሩ ላይ የቆመ መርከበኛ ለጥይት የተሰጠ ነው። እስሩ ከላላ ግፊቱ ሲመጣ አፉ ዞሮ የራሱን ወለል ያጥባል። ያልላላው ግን መሰላል ላይ ያለውን ሰው ዓይን ከማሳጣቱም በላይ ጀልባዋን ይሞላታል፤ ውሃ የሞላት ጀልባ ደግሞ እኩል መሮጥ አትችልም። ጣጣ የማያውቅ ሰው «ለምን ኤሌክትሪክ አይለቁበትም?» ይላል። አንዳንዱ መርከብ ይለቃል። «ባሕር ዳር» እና «ሐዋሳ» ይባሉ እንደነበሩት ነዳጅ ጫኝ መርከቦቻችን ባለ መርከብ ላይ ግን ብልጭታ ከወንበዴው የባሰ ጠላት ነው።

መሪውን የጨበጠውም የራሱ እጅ አለው። የፈራ ሰው መሪውን ጥግ ድረስ ያዞራል፤ መርከቡ ይጋደማል፣ ፍጥነቱ ይወድቃል፣ ጀልባዋም ትደርሳለች። የሠለጠነው ጥቂት ወደ ቀኝ፣ ጥቂት ወደ ግራ እያለ ፍጥነቱን ሳያስነካ ከጎኑ ማዕበል ያስነሳል። ጀልባዋ በዚያ ማዕበል ላይ ስትዘል መሰላል የያዘው ሰው በሁለት እጁ ራሱን መያዝ ግድ ይሆንበታል።

ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ ወደ ወንበዴው ስለሚተፋው የድምፅ መድፍ ብዙ አልልም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2005 «ሲቦርን ስፒሪት» የተባለው የመንገደኞች መርከብ በእሱና በውሃ ቱቦ ወንበዴዎቹን ካባረረ በኋላ ስሙ ገነነ። ከሦስት ዓመት በኋላ «ቢስካሊያ» የተባለው መርከብ ጠባቂዎች ያንኑ መሣሪያ ይዘው አልሆነላቸውም፤ መጨረሻ ላይ ባሕር ውስጥ ዘለው በሄሊኮፕተር ተነሱ። ውድ ዕቃ ነው። እኔ ገንዘቡን ለሽቦና ለሽቦ መዘርጊያ ጓንት ባውለው እመርጣለሁ።

ሁሉም አልፎ ወንበዴው ወለሉን ከረገጠ የሚቀረው በር ነው። መርከበኞች ሲታዴል የሚሉት መሸሸጊያ አብዛኛውን ጊዜ ከታች፣ በሞተሩ ወይም በመሪው ማሽን ክፍል ይዘጋጃል። የቀናት ምግብና ውሃ፣ መጸዳጃ፣ አየር፣ የራሱ አንቴና ያለው የሳተላይት ስልክ፣ ከዚያው ሆኖ ሞተሩን ማጥፋት የሚያስችል መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል። ከሁሉ በላይ የመርከቡ ሰው በሙሉ መግባት አለበት፤ አንድ ሰው ውጭ ከቀረ የሚደርሰው የጦር መርከብ ደፍሮ መግባት አይችልም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 «ሞንቴክሪስቶ» የተባለው የጣሊያን መርከብ 23 መርከበኞች እንዲህ ባለ ክፍል ተዘግተው ሳሉ፣ ሁላቸውም ደኅና ውስጥ መሆናቸውን የሚገልጽ ወረቀት ጠርሙስ ውስጥ ከተው በመስኮት ወረወሩ። የእንግሊዝና የአሜሪካ መርከቦች መልእክቱን አግኝተው በማግሥቱ አስለቀቋቸው፤ 11 ወንበዴዎችም እጅ ሰጡ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ ግን የ«ቤሉጋ ኖሚኔሽን» መሸሸጊያ ሁለት ቀን ያህል ከቆየ በኋላ ተሰብሯል፤ በሩ ሠርቶ ነበር፣ ረጂው ነው በጊዜ ያልደረሰው። መበየጃና መቁረጫ አስቀድሞ ተቆልፎ እንዲቀመጥ የሚታዘዘው በከንቱ አይደለም፤ ወንበዴው በሩን የሚከፍትበትን መሣሪያ ከመርከቡ ዕቃ ቤት እንዳያገኘው ነው።

ከዚህ ሥራ የኛ ልጆች ድርሻ አላቸው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የባሕር ማሠልጠኛ፣ ጣና ሐይቅ ዳር ላይ፣ የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ምሩቃንን የመርከብ መሐንዲስ ያደርጋል፤ ብዙዎቹ በውጭ አገር መርከቦች የሞተር ክፍል ይሠራሉ። በሩ ሲዘጋ ሞተሩን ከውስጥ የሚያጠፋው እንግዲህ ይህ ሙያ ያለው ሰው ነው።

ያንን ባሕር ያረጋጋው ሽቦ ብቻ ነው ብል ግን መዋሸት ይሆንብኛል። የአውሮፓ ኅብረት የባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2008 ጀምሮ ገብቷል፤ በኋላም ብዙ መርከቦች የታጠቁ ጠባቂዎችን ቀጥረዋል። ነገሩ ተረሳ ሲባል ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 «ሩዌን» የተባለው መርከብ፣ በመጋቢት 2024 ድንጋይ ከሰል የጫነው «አብዱላህ» ተጠልፈዋል። ጠመንጃ የማይጭን መርከብ አሁንም ሽቦውን ራሱ መዘርጋት አለበት።

የምወደው ግን ምንም የማያስወጣውን ሥራ ነው። መርከበኞች አሮጌ ቱታ በጨርቅ ሞልተው፣ ራስ ቁር ደፍተውለት፣ የመጥረጊያ እንጨት አስይዘው ዘበኛ ያቆማሉ። የሰነፍ መርከብ ዘበኞች ሁሉም ቁመታቸው እኩል፣ ሁሉም አጥሩ ላይ ተደግፈው፣ ቀኑን ሙሉ ባሉበት ናቸው፤ ከሩቅ በመነጽር የሚያይ ወንበዴ ሰዓት ሳይሞላ ይነቃባቸዋል። ጥሩዎቹ አንዱን ጎንበስ፣ አንዱን ግማሽ ፊቱን ከግድግዳ ጀርባ ያደርጉታል፤ ፈረቃ ሲለወጥም ቦታቸውን ይለዋውጧቸዋል፣ አልፎ አልፎም እውነተኛ መርከበኛ መሃላቸው ቆሞ ይንቀሳቀሳል።