ጨዋ ልጅ፣ ገመናና ፍትሕ፦ አንድ የወጣቶች የምርመራ ልብ ወለድ በትምህርት ዓይን ሲመዘን

የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ በትምህርት ቤቶች ዘንድ ለረጅም ጊዜ እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ንባብ ብቻ ሲቈጠር ቈይቷል። ተማሪው ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ካለው ጉጉት የተነሣ ገጽ ከማገላበጥ በስተቀር ሌላ ቁም ነገር አይገበይበትም የሚለው አስተያየት በሰፊው የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለወጣቶች ከተጻፉት የዚህ ዓይነት ድርሰቶች መካከል አንዳንዶቹ የሴቶችን መብት፣ የግለሰብን ገመና መጠበቅና በኢንተርኔት አማካይነት የሚፈጸመውን ወከባ ዋነኛ ጭብጣቸው በማድረግ ለትምህርት ባለሙያው አዲስ ጥያቄ አቅርበዋል። ከነዚህም አንዱ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ሆሊ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ2019 ያሳተመችው «ኤ ጉድ ገርልስ ጋይድ ቱ መርደር» የተሰኘው ልብ ወለድ ነው። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የጨዋ ልጅ የነፍስ ግድያ መመሪያ» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ በ2020 እና በ2021 በወጡ ሁለት ተከታይ መጻሕፍት የቀጠለ ሲሆን፣ በ2024 ደግሞ በቢቢሲ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ቀርቧል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ድርሰቱ ገመናን ስለ መጠበቅ ምን እንደሚያስተምር፣ የሚያስተምረውንም በራሱ አካሄድ ምን ያህል እንደሚያከብር መመርመር ነው። የምስጢሩ ፍቺ ተደብቆ የድርሰቱን ትምህርታዊ ዋጋ መመዘን ስለማይቻል፣ ፍቺው ከዚህ በታች በግልጽ ይነገራል።

የታሪኩ ፍሬ ነገር

ታሪኩ የሚፈጸመው በእንግሊዝ አገር፣ በባኪንግሃምሺር ግዛት፣ ሊትል ኪልተን በምትባል ምናባዊ ትንሽ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አንዲ ቤል የተባለች የ17 ዓመት ተማሪ ትጠፋለች፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ወዳጇ ሳል ሲንግ ሞቶ ይገኛል። ከሳል ስልክ ለአባቱ የተላከ የኑዛዜ መልእክት ስለ ነበረ፣ ፖሊስም ሕዝቡም ሳል አንዲን ገድሎ ራሱን አጥፍቷል ብለው ይደመድማሉ። ፍርድ ቤት ያላየው ጉዳይ በከተማው ሰው አንደበት ይፈረዳል። የሕንድ ዝርያ ያለው የሳል ቤተ ሰብም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይሰደባል፤ ይገለላል። ከ5 ዓመት በኋላ ፒፓ ፊትዝ-አሞቢ፣ ባጭሩ ፒፕ፣ የተባለች የ17 ዓመት ተማሪ ጉዳዩን እንደገና ለመመርመር ትነሣለች። ሳልን በልጅነቷ ታውቀው ነበርና በጥፋተኛነቱ አታምንም። የሳል ታናሽ ወንድም ራቪም የምርመራው ተባባሪ ይሆናል።

ምርመራው ሲጠናቀቅ ሁለት እውነቶች ይገለጣሉ። አንደኛ፣ ሳልን የገደለው በተማሪዎች ዘንድ የተወደደው የታሪክ መምህር ኤሊየት ዋርድ ነው። መምህሩ ከተማሪው ከአንዲ ጋር ድብቅ ግንኙነት ነበረው፤ በጠብ መካከል ካቈሰላት በኋላ እንደምትሞት ገምቶ ጥፋቱን በሳል ላይ አላክኳል። ሁለተኛ፣ አንዲ የሞተችው ከዚያ ወጥታ ቤቷ ከደረሰች በኋላ ነው። ታናሽ እኅቷን ቤካን ማክስ ሄስቲንግስ የተባለ ወጣት በአንድ ግብዣ ላይ በመጠጧ ማደንዘዣ ጨምሮ ደፍሯት ነበር። ማደንዘዣውን የሸጠችለት ደግሞ አንዲ ራሷ ነበረች። ቤካ የእኅቷን ርዳታ ስትጠይቅ አንዲ የራሷ ጉድ እንዳይወጣ ስትል ዝም እንድትል ታዝዛታለች፤ በተነሣው ግብግብ አንዲ ትወድቃለች፤ ቤካም ሳትረዳት ትቀራለች።

«ጨዋ» የሚባለው ማን ነው?

በአማርኛ «ጨዋ ልጅ» ሲባል ምግባረ መልካም ማለት ብቻ ሳይሆን ዘሩ የታወቀ፣ ቤተ ሰቡ የተከበረ ማለትም ነው። እንግሊዝኛው አነጋገር ይህን ያህል ስፋት ባይኖረውም፣ ደራሲዋ የምታነሣው ጥያቄ ከዚሁ የራቀ አይደለም። የሊትል ኪልተን ሰው ርኅራኄውን የሚያከፋፍለው የእያንዳንዱን ልጅ ጨዋነት እየገመተ ነው። አንዲ መልከ መልካምና የደኅና ቤተ ሰብ ልጅ በመሆኗ ከሞተች በኋላ እንከን እንደሌላት ትታሰባለች። ሳል በትምህርቱ የተመሰገነ ወጣት ሳለ የቈዳው ቀለም በአንድ ቀን ከጨዎች ተርታ ያስወጣዋል። ማክስም የባለጸጋ ልጅ በመሆኑ ማንም አይጠረጥረውም።

ይህ ሐሳብ ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው በናታሊ ዳ ሲልቫ ታሪክ ነው። አንዲ ይህችን የትምህርት ቤት ጓደኛዋን በተንኰል አታላ እርቃኗን የሚያሳይ ምስል ካገኘች በኋላ በኢንተርኔት ትበትነዋለች። ልብ ሊባል የሚገባው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ምስሉን የበተነችው በሐዘንና በክብር ስትታወስ፣ ምስሏ የተበተነባት ግን ቁጡና ክፉ የሚል ስም ይለጠፍባታል። ፒፕም ራሷ በመጀመሪያ ናታሊን የምታውቃት ከተጠርጣሪዎች እንደ አንዷ ነው። አንባቢውም ከፒፕ ጋር አብሮ ይጠረጥራታል፤ ኋላም በጥርጣሬው ያፍራል። ደራሲዋ ይህን ያደረገችው በስብከት ሳይሆን በትልሙ አወቃቀር በመሆኑ፣ ከድርሰቱ ብርቱ ጐኖች አንዱ ነው ሊባል ይገባዋል።

በእንግሊዝና በዌልስ የአዋቂን ሰው የግል የወሲብ ምስል ያለ ፈቃዱ፣ እሱን ለማሳዘን በማሰብ ማሰራጨት ራሱን የቻለ ወንጀል የሆነው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የልጆችን ምስል በሚመለከት ግን ከ1978 ጀምሮ ሕግ ነበር፤ ጥበቃውም በ2003 በወጣው ሕግ እስከ 18 ዓመት ዕድሜ እንዲደርስ ተደርጓል። እንግዲህ በታሪኩ ዘመን ናታሊ ያጣችው የሕግን አንቀጽ አልነበረም። ያጣችው ነገሩን ሰምቶ፣ እሷን ሳይወቅስ ወደ ሕግ የሚያደርስላት ትልቅ ሰው ነው። ድርሰቱ ይህን በቀጥታ አይናገርም፤ ሁኔታው ግን ከታሪኩ በግልጽ ይነበባል።

የመርማሪዋ አካሄድ

ልብ ወለዱ የተዋቀረው ፒፕ ለትምህርት ቤቷ በምታዘጋጀው የጥናት ሥራ ዙሪያ ነው። ይህም በእንግሊዝ አገር የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በመረጡት ርእስ ራሳቸው ተመራምረው የሚያቀርቡት፣ ክብደቱም የአንድ ኤ ሌቭል ትምህርት እኩሌታ የሆነ ፕሮጀክት ነው። ትረካው በሦስተኛ መደብ ሲጓዝ፣ በየመካከሉ የፒፕ የሥራ ማስታወሻ፣ የቃለ ምልልስ ግልባጭ፣ ካርታና የተጠርጣሪዎች ዝርዝር ይገባበታል። ከዚህ የተነሣ አንባቢው ማስረጃን ከአሉባልታ መለየትን፣ የተሳሳተ መላ ምት መሰረዝንና ድምዳሜን ማዘግየትን ከፒፕ ጋር አብሮ ይለማመዳል። ምርምርን ማስተማር ለሚፈልግ መምህር ይህ ቅርጽ እጅግ ጠቃሚ ነው።

ይሁን እንጂ ክፍተቱም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ሥራውን የሚቈጣጠሩት መምህርት ፕሮጀክቱን ሲፈቅዱ ፒፕ የሁለቱን ሟቾች ቤተ ሰቦች እንዳታነጋግር በጽሑፍ ያስጠነቅቋታል። ፒፕ ግን ከሁሉ አስቀድማ የምታንኳኳው የሳልን ቤተ ሰብ በር ነው። ከዚያም አደንዛዥ ዕፅ የሚሸጠውን ሰው በስውር ፎቶግራፍ አንሥታ፣ ለፖሊስ አሳይብሃለሁ በማለት ታናግረዋለች። ባለቤቶቹ በሌሉበት ከራቪ ጋር ወደ ቤሎች ቤት ትገባለች፤ የሟቿንም የዕለት ማስታወሻ ፎቶግራፍ ታነሣለች። በሐሰት ስም የሚሠራበትን የሰው የኢንተርኔት ገጽ ትበረብራለች። የገመና መደፈር ያስከተለውን ጥፋት የሚተርከው ድርሰት፣ እውነትን የሚያገኘው ገመናን በመድፈር ነው ማለት ነው።

ለፒፕ የሚቀርበው መከላከያ ቀላል አይደለም። ፖሊስ መዝገቡን ዘግቷል፤ ጋዜጣው ፈርዷል፤ የሳል እናትና አባት የሚሰማቸው አጥተዋል። ሥልጣን ያላቸው ሁሉ ሥራቸውን ባልሠሩበት ቦታ አንዲት ልጅ በተፈቀደላት መንገድ ብቻ ብትሄድ ኖሮ ሐሰቱ ጸንቶ ይቀር ነበር። ከሴቶች መብት አንጻርም ቢታይ፣ ዝም በይ የተባለች ቤካ ባለችበት ከተማ አልመለስም የምትል ፒፕ መኖሯ ራሱ ታላቅ ትርጉም አለው። ቢሆንም የመጀመሪያው መጽሐፍ የፒፕን ድርጊት የሚመዝነው በውጤቱ ብቻ ነው። እውነቱ ተገኘ፤ ስለዚህ መንገዱ ትክክል ነበረ የሚል ስሜት በአንባቢው ልብ ይቀራል። የተከፈተው ማስታወሻ የማንንም ንጽሕና ባያስገኝ ኖሮ ምን ይባል ነበር? ይህን ጥያቄ መጽሐፉ አያነሣውም።

በተከታዮቹ መጻሕፍት ዋጋው ይጠየቃል። በሁለተኛው መጽሐፍ ማክስ ፍርድ ቤት ቀርቦ በነጻ ይለቀቃል፤ ፒፕም የቀዳችውን የእምነት ቃሉን በኢንተርኔት ታሰራጫለች። በሦስተኛው መጽሐፍ በስም ማጥፋት ሊከሳት ይነሣል። ምርመራዋን ለሕዝብ ስታሰማ በመታወቋም ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በኢንተርኔት በሚልክላት መልእክት ያሳድዳታል። ሌሎች ሴት ልጆች ያዩት ወከባ በእሷም ላይ ይደርሳል። ለፖሊስ ስታመለክትም ተገቢውን ትኩረት አታገኝም። እስከዚህ ድረስ የደራሲዋ አመለካከት በስሎ ይታያል። ፍጻሜው ግን አከራካሪ ነው። ፒፕ አሳዳጇን ከገደለች በኋላ ወንጀሉን በማክስ ላይ ታላክካለች። ማክስ በሌላ ጉዳይ ጥፋተኛ ቢሆንም በዚህኛው ንጹሕ ነው። በሐሰት የተወነጀለን ወጣት ስም ለማንጻት የተጀመረው ታሪክ፣ ሌላውን በሐሰት በመወንጀል ይደመደማል። ደራሲዋ ይህን ያደረገችው ሕግ ያልደረሰላቸውን ሴቶች ምሬት ለማሳየት እንደ ሆነ መገመት ይቻላል። ነገር ግን ምሬቱን ማሳየት አንድ ነገር ነው፤ አንባቢውን የሐሰት ማስረጃ ፈጠራው እንዲሳካ እንዲመኝ ማድረግ ደግሞ ሌላ ነው።

ትምህርት ቤቱ በድርሰቱ ውስጥ

መምህራን በተለይ ሊያስቡበት የሚገባው የኤሊየት ዋርድ አቀራረጽ ነው። ዋርድ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጆቹን የሚወድ፣ ለፒፕም እንደ አባት የሚቀርብ ሰው ነው። ሴት ልጁ ካራ የፒፕ የቅርብ ጓደኛ ናት። ደራሲዋ ክፉ መልክ አልሰጠችውም። በዚህም ተማሪን የሚጐዳ ሰው በመልኩና በአነጋገሩ ይታወቃል የሚለውን የተሳሳተ እምነት ታፈርሳለች። አንዲም ብትሆን በቤቷ በአባቷ የተዋረደች፣ ሌሎችን የጐዳች፣ በመምህሯም የተበደለች ናት። የበደለ ሰው ሊበደል አይችልም የሚለውን አስተሳሰብ ድርሰቱ አይቀበለውም። ፒፕ በመጨረሻ ጥናቷን ለሕዝብ ስታቀርብ አንዲን ከነጥፋቷ እንድትታሰብ መጠየቋ የመጽሐፉ እጅግ የበሰለ ክፍል ነው።

ጉድለቱ ግን ጥፋቱ ሁሉ በአንድ መምህር ላይ ተከምሮ ትምህርት ቤቱ እንደ ተቋም ሳይመረመር መቅረቱ ነው። የናታሊ ምስል ሲበተን ትምህርት ቤቱ ምን የአሠራር ሥርዓት ነበረው? ቤካ አቤት የምትልበት ሰው ማን ነበር? ፒፕ በቁም ሣጥኗ የማስፈራሪያ ጽሑፍ ስታገኝ ለማንም አለመንገሯ ስለ ትምህርት ቤቱ ምን ያስረዳል? ለምርመራ ልብ ወለድ አንድ ጥፋተኛ ማግኘት በቂ ነው፤ ለትምህርት ዕቅድ አውጪ ግን በቂ አይደለም። አንድ ዋርድ ቢታሰር ናታሊን የሚሰማ ሰው አይገኝም።

ማጠቃለያ

ድርሰቱ አስገድዶ መድፈርን፣ አደንዛዥ ዕፅንና ራስን ማጥፋትን የሚያነሣ በመሆኑ ለከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ ያውም በመምህር መሪነት ቢነበብ ይመረጣል። ሦስተኛው መጽሐፍ ያለ ውይይት ለተማሪ ባይሰጥ ይበጃል። በክፍል ውስጥ ተማሪዎች ፒፕ የፈጸመችውን እያንዳንዱን የምርመራ ተግባር ዘርዝረው ባለቤቱ ፈቅዷልን? ሌላ መንገድ ነበረን? ውጤቱ ባይሳካ ኖሮ ማን ይጐዳ ነበር? በሚሉ ጥያቄዎች ቢመዝኑት ገመና የምግባር ብቻ ሳይሆን የመብት ጉዳይ መሆኑን ይረዳሉ። በኢትዮጵያም የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር አማካይነት በሰዎች ነጻነትና ክብር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎችን ስለሚመለከት፣ ውይይቱን ከአገሩ ሕግ ጋር ማገናኘት ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ግን መጽሐፉ ለአንባቢ መምህር የሚያቀርበው ጥያቄ ስለ ተማሪው አይደለም። ምስሏ የተበተነባት ልጅ ነገ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ብትመጣ የማንን በር ታንኳኳለች? በሩን የሚከፍተውስ ሰው አስቀድሞ ጨዋ ልጅ መሆን አለመሆኗን ይጠይቃታልን? ድርሰቱን ያነበበ መምህር የራሱን ትምህርት ቤት በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ቢመረምር ንባቡ ፍሬ አፍርቷል ሊባል ይቻላል።