«ሰፈር» እና «ሰፈራ»፦ ያለ ፈቃድ ለተያዘ የከተማ ቦታ የምንሰጣቸው ስያሜዎች

በከተማ የመንግሥት ወይም የሕዝብ ቦታ ላይ ያለ ፈቃድ ቤት ሠርቶ መኖርን ለመግለጽ «ሕገ ወጥ ሰፈራ»፣ «ኢመደበኛ ሰፈራ»፣ «የመሬት ወረራ» እና «ጨረቃ ቤት» የሚሉት ስያሜዎች ይዘወተራሉ። ተርጓሚዎች አንዱን በሌላው እየተኩ ይሠሩባቸዋል። ይሁን እንጂ አራቱ አንድ ጽንሰ ሐሳብ አያመለክቱም።

በቅድሚያ «ሰፈራ»ን እንመልከት። «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ «ሰፈር» የቦታ፣ «ሰፈራ» የድርጊት ስም ሆነው ወጥተዋል። እንደ ደጃች ውቤ ሰፈር ያሉት የአዲስ አበባ ነባር መንደሮች ስያሜያቸውን ያገኙት ከመኳንንቱና በዙሪያቸው ከሰፈረው ጭፍራ ነው። «ሰፈራ» ግን በተለይ ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወዲህ መንግሥት ሕዝብን ከአንድ አካባቢ ወደ ሌላ ወስዶ ማስፈሩን ያስታውሳል። እንግሊዝኛው ድርጊቱንም ቦታውንም በአንድ ቃል ስለሚጠራ ተርጓሚው ለሁለቱም «ሰፈራ» ይላል። «ሰፈራው ፈረሰ» ተብሎ ሲጻፍ ግን የፈረሰው ሰፈሩ ነው።

«ሕገ ወጥ» ከመግለጽ ይልቅ ይፈርዳል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ያለ ፈቃድ የተያዙ ይዞታዎች ከከተማው ፕላን ጋር ተጣጥመው ሲገኙ ሥርዓት የሚይዙበትን መንገድ አመልክቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ይዞታ ከመነሻው «ሕገ ወጥ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ገና ያልተሰጠውን ውሳኔ በቃሉ ይሰጣል። ከዚህም የሚብሰው ቅጽሉ ከይዞታው ተሻግሮ «ሕገ ወጥ ሰፋሪ» በሚል በሰውየው ላይ መለጠፉ ነው። «ኢመደበኛ» ከፍርድ ቢያመልጥም የጎደለው ፈቃድ ይሁን፣ ሰነድ ይሁን፣ ፕላን አይለይም። «ወረራ» ደግሞ የጦር ሜዳ ቃል ነው፤ በጉልበት ተደራጅቶ ለሚፈጸም ቅሚያ እንጂ ለአንዲት ጎጆ አይመጥንም።

የሕዝቡ ስያሜ «ጨረቃ ቤት» ልዩ ትኩረት ይገባዋል። «ሣር ቤት» ቤቱ የተሠራበትን ነገር፣ «ወጥ ቤት» አገልግሎቱን ይናገራል፤ «ጨረቃ ቤት» ግን ቤቱ የቆመበትን ጊዜና ሁኔታ፣ ማለት በሌሊት፣ በጨረቃ ብርሃን፣ ከተቆጣጣሪ ዓይን ተሰውሮ መሠራቱን ይናገራል። ዛሬ በቀን የተሠራውም በዚሁ ስም ስለሚጠራ ፍቺው ሰፍቷል። ለሕግ ሰነድ ባይበቃም መዝገበ ቃላት ሊያልፈው አይገባም።

ሌላው ስሕተት ያለ ፈቃድ የተሠራን ሰፈር ከጎስቋላ መንደር ጋር መቀላቀል ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ከተወረሱት ቤቶች ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት በቀበሌ እንዲተዳደሩ ተደረገ። ብዙዎቹ በእርጅና ቢጎሳቆሉም ተከራዮቻቸው ሕጋዊ ነበሩ። በአንጻሩ ጨረቃ ቤት በብሎኬት የታነጸ ሊሆን ይችላል። የግንቡ ሁኔታና የይዞታው መብት ለየቅል ናቸው።

ስለዚህ ለመሬቱ «ያለ ፈቃድ የተያዘ ቦታ»፣ ለመንደሩ «ያልተፈቀደ ሰፈር»፣ ለድርጊቱ «ያለ ፈቃድ መስፈር» ቢባል ይሻላል። «ሰነድ አልባ ይዞታ» የሚለው የጎደለው ወረቀት ብቻ ሲሆን ይጠበቅ፤ ተፈቅዶለት ሰነድ ያጣ ባለይዞታ አለና። ስያሜዎቹ ረዘሙ የሚል ወቀሳ ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን አጭሩ ቃል በትርጉም ላይ የሚያድነውን ጊዜ ባለቤቱ በደጅ ጥናት ይከፍለዋል።