ስለ ሚዲ ልዩ መልእክትና ስለ ቅኝት ጉዳይ የቀረበ ሒሳዊ አስተያየት

ኤሌክትሮኒካዊ የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩበት ሚዲ የተባለው ደንብ በ1983 ዓ.ም. ሲወጣ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፥ በአንድ ፋብሪካ የተሠራ ኪቦርድ በሌላው ፋብሪካ የተሠራውን ማዘዝ እንዲችል አድርጓል። በዚያው ዓመት በጥር ወር በካሊፎርኒያ በተደረገው የሙዚቃ ዕቃዎች ትርኢት ላይ፥ የሲኩዌንሻል ሰርኪትስ ፕሮፌት 600 እና የሮላንድ ጁፒተር 6 ተገናኝተው ለሕዝብ ታይተዋል። ከሐሳቡ ዋና አመንጪዎች ሁለቱ፥ ዴቭ ስሚዝና ኢኩታሮ ካኬሃሺ፥ ለዚህ ሥራቸው በ2013 ዓ.ም. የቴክኒክ ግራሚ ሽልማት ተቀብለዋል። ስለ ደንቡ የተጻፈው ምስጋና ብዙ ነው፤ ነገር ግን ምስጋናው ሁሉም መሣሪያዎች በሚጋሩት ክፍል ላይ ያተኩራል። እያንዳንዱ ፋብሪካ ለራሱ ብቻ ያስቀረው ክፍል፥ ማለት ሲስተም ኤክስክሉሲቭ የተባለው ልዩ መልእክት፥ እንደ መሐንዲሶች የውስጥ ጉዳይ ተቈጥሮ ይታለፋል። ለባህል ጥናት ግን ይበልጥ የሚያስተምረው ይህኛው ነው።

በሚዲ ገመድ በአንድ ሴኮንድ 31,250 ቢት ያልፋል፤ እያንዳንዱ ባይት ከመነሻውና ከመድረሻው ምልክት ጋር 10 ቢት ስለሚሆን፥ አንድ ባይት ለማለፍ 320 ማይክሮሴኮንድ ይፈጅበታል። አንድ ቁልፍ ተጫነ ወይም ተለቀቀ የሚለው ተራ መልእክት ከሦስት ባይት አይበልጥም። የልዩው መልእክት ርዝመት ግን አልተወሰነም። በ240 ቁጥር ይከፈታል፥ በ247 ይዘጋል፤ ከመክፈቻው ቀጥሎ የፋብሪካው መለያ ይገባል፤ የሮላንድ 65፥ የኮርግ 66፥ የያማሃ 67 ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ መዝጊያው ያለው ሁሉ፥ ቁጥሩ ከ127 እስካልበለጠ ድረስ፥ ለባለመለያው የተተወ ነው። መለያው የማይመለከተው መሣሪያ መልእክቱን ሰምቶ እንዳልሰማ ያሳልፈዋል። ይህን ከሰምና ወርቅ ጋር ማመሳሰል ለሚወድ ሰው መንገዱ ክፍት ነው፤ ልዩነቱ ግን የቅኔው ወርቅ ለተማረ ሁሉ ሲገለጥ፥ የዚህኛው የሚገለጠው ሰንጠረዡ በእጁ ለገባ ብቻ መሆኑ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ በዚያው በ1983 ዓ.ም. የወጣው የያማሃ ዲኤክስ 7 ነው። መሣሪያው ድምፅ የሚፈጥረው፥ ጆን ቻውኒንግ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባገኘው መንገድ፥ አንዱ ሞገድ የሌላውን ድግግሞሽ እንዲያወዛውዝ በማድረግ ነው። ስድስት የሞገድ አመንጪዎች አሉት፤ ለእያንዳንዳቸው 21 ማስተካከያ፥ ለጋራው ደግሞ 19 ማስተካከያ ተመድቧል፤ 10 ፊደል የሚይዘው ስም ሲታከል አንዱ ድምፅ በ155 ባይት ይጻፋል። ይህ ሁሉ ብዛት እያለ በመሣሪያው ፊት ላይ ድምፅን ለማስተካከል ያሉት በዋናነት አንዲት ትንሽ የጽሕፈት መስኮት፥ አንድ ተንሸራታች ማስተካከያና የቍልፎች ረድፍ ብቻ ናቸው። የቀድሞው ሲንተሳይዘር ለእያንዳንዱ ጠባዩ አንዳንድ ማዞሪያ ነበረው፤ ተጫዋቹም በእጁ እየዳሰሰ ይማረው ነበር። በዲኤክስ 7 ግን መላው አሠራር ወደ ቁጥር ስለ ተለወጠ፥ ብዙዎች ድምፁን ከፋብሪካ እንደ ወጣ ተቀብለውት ቀሩ።

ልዩው መልእክት ለዚህ ጕድለት መድኀኒት ሆኗል። አንድን ማስተካከያ ለመለወጥ ሰባት ባይት ይበቃል፤ 32 ድምፆችን በአንድ ጊዜ ለማስተላለፍ ደግሞ 4,104 ባይት ያስፈልጋል፤ ይኸውም 1.3 ሴኮንድ ያህል ይወስዳል። በመጨረሻው አካባቢ አንድ የማረጋገጫ ቁጥር ይገባል፤ ድምሩ ካልተስማማ መልእክቱ የተበላሸ ነው ማለት ነው። የሚዲ ቀዳዳ ከፋብሪካ ጀምሮ የተሠራለት አታሪ ኤስቲ የተባለው ኮምፒውተር በ1985 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ፥ በመስኮቷ ውስጥ ተሸሽገው የነበሩት ቁጥሮች በሥዕል መልክ በአንድ ገጽ ላይ ይታዩ ጀመር። መሣሪያው ግን የራሱ ዘበኛ አለው፤ የማኅደረ ትውስታው መጠበቂያ ካልተነሣ ከውጭ የመጡትን 32 ድምፆች አይቀበልም። ስንቱ ሰው ገመዱን ሲወቅስ ውሎ ይሆን!

እዚህ ላይ ፍርዱ ሁለት ወገን ነው። በአንድ በኩል፥ ይህ ለየባለቤቱ የተተወ በር ባይኖር ኖሮ ተፎካካሪ ፋብሪካዎች በአንድ ደንብ ባልተስማሙም ነበር። ደንቡም አንድ ብልህ ሐሳብ አስገብቷል፤ አንድ ጊዜ የታተመውን የልዩ መልእክት አጻጻፍ ማንም ያለ ፈቃድ ሊሠራበት ይችላል፥ ሊያፋልሰው ግን አይገባም። በሌላ በኩል የመሣሪያው ምስጢር በአጠቃቀም መጽሐፉ መጨረሻ በትንንሽ ፊደል በታተሙ ጥቂት ገጾች ላይ ተንጠልጥሏል። ሲኩዌንሻል ሰርኪትስ በ1987 ዓ.ም. ሲዘጋ መሣሪያዎቹ በሰው እጅ ቀሩ፤ የሚታዘዙበት ቋንቋ ግን የቀረው እነዚያን ገጾች ጠብቀው ባቈዩ ሰዎች ዘንድ ነው። የቃል ትውፊት በመምህሩ ሞት እንደሚያሰጋ ሁሉ፥ ይኸኛውም በወረቀት መጥፋት ያሰጋል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ኢትዮጵያን በቀጥታ ይነካል። ሚዲ ድምፅን በስሙ ሳይሆን ከ0 እስከ 127 በሚደርስ የቁልፍ ቁጥር ይጠራል፤ 60 ማለት መካከለኛው ዶ ነው። ቁልፉ ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ እንዲሰማ ተራው መልእክት አይናገርም፤ መሣሪያው ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ኦክታቩን በ12 እኩል ክፍል ከፍሎ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ክፍል 100 ሴንት ነው። ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ በክራር ሲቃኙ ግን ልኩ የዘፋኙ ድምፅና የቃኚው ጆሮ እንጂ ይህ ክፍፍል አይደለም። ስለዚህ ኪቦርድ ቅኝትን አበላሸ የሚለው ወቀሳ በየጊዜው ይሰማል። ወቀሳው እውነት አለው፤ አድራሻው ግን ተሳስቷል።

የስሕተቱ ማስረጃ ልዩው መልእክት ራሱ ነው። የሚዲ የቅኝት ደንብ በ1992 ዓ.ም. ጸደቀ። ለሁሉም ፋብሪካዎች የጋራ በሆኑት በ126 እና በ127 መለያዎች የሚላክ ነው። 128ቱን ቁልፎች አንድ በአንድ የሚያቃናው መልእክት 408 ባይት ሲሆን፥ ልዩነትን ከአንድ ሴንት አንድ መቶኛ ባነሰ መጠን መግለጽ ይችላል። ኋላ የታከለው አጭሩ መልእክት ደግሞ 21 ባይት ብቻ ነው፤ ለ12ቱ ድምፆች ለእያንዳንዳቸው ከ64 ሴንት ዝቅታ እስከ 63 ሴንት ከፍታ ይሰጣል፤ ለማለፍም ሰባት ሚሊሴኮንድ አይሞላም። አምስት ድምፅ ላለው ቅኝት 12 ቦታ ይበቃል፥ ይተርፋልም። በሩ ተዘግቶ የነበረ አይደለም፤ ያላንኳኳው ይበዛል እንጂ። ሆኖም ደንቡም ከነቀፋ አያመልጥም። ከዋናው ደንብ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ ጸደቀ፤ መቀበሉም በየፋብሪካው ፈቃድ ላይ ስለ ተመሠረተ ሳይቀበሉት የቀሩት መሣሪያዎች ብዙዎች ናቸው። አጭሩ መልእክት ደግሞ እርማቱን በየኦክታቩ አንድ ዐይነት አድርጎ ይደግማል፤ ቁጥሮቹም ከቁልፍ ስም ጋር የታሰሩ ስለሆኑ፥ ዘፋኙ ቅኝቱን ከፍ አድርጉልኝ ባለ ጊዜ 12ቱም ተዛውረው እንደገና መላክ አለባቸው። ባለክራሩ ይህን በጆሮውና በመቃኛው ይፈጽመዋል።

የበገና ነገር ደግሞ ከቅኝትም ያልፋል። ዐሥሩ አውታር የሚነዝረው በእንዚራው፥ ማለት በአውታሩና በድልድዩ መካከል በሚገባው ቁራጭ ቆዳ፥ ምክንያት ነው። ይህን ነዝር በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ለማስመሰል የፈለገ ሰው ሊልክ የሚገባው የቅኝት ቁጥሮችን ብቻ ሳይሆን የድምፁን ጠባይ የሚወስኑትን ማስተካከያዎች ጭምር ነው፤ ለአብዛኞቹ ግን የጋራ መልእክት ባለመውጣቱ፥ ለአንዱ ፋብሪካ የተሠራው በአብዛኛው ለሌላው አያገለግልም።

ለመዝገብ ቤት የሚተርፈው ችግር ከዚህ ይወጣል። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የሚዲ ፋይል ልዩ መልእክትን በውስጡ መያዝ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ልዩ መልእክትን አጣርተው የሚጥሉ የመቅረጫ ፕሮግራሞች አሉ። በተቃና ኪቦርድ የተቀዳ አንቺ ሆዬ ያለ ቅኝት መልእክቱ ከተቀመጠ፥ ኋላ የሚከፍተው ተመራማሪ የሚሰማው በእኩል ክፍፍል የተጫወተ ሌላ ዜማ ነው፤ የጠፋ ነገር እንዳለ የሚያመለክተው ምልክትም አያገኝም። ስለዚህ የቅኝት መልእክቱ ከመጀመሪያው ድምፅ በፊት በፋይሉ ራስ ላይ ሊገባ፥ ቁጥሮቹም ከመሣሪያው ስም ጋር በወረቀት ጭምር ሊመዘገቡ ይገባል።

በ2020 ዓ.ም. የወጣው ሚዲ 2.0 መሣሪያው ስለ ራሱ ማስተካከያዎች ሲጠየቅ እንዲመልስ የሚያስችል ሥርዐት አምጥቷል፤ የሚያስገርመው፥ ጥያቄና መልሱ መጀመሪያ የተቀረጸው በዚሁ በአሮጌው ልዩ መልእክት እንዲጓዝ ሆኖ ነው። በመጽሐፍ መጨረሻ የነበረው ሰንጠረዥ ወደ መሣሪያው ሆድ ገባ ማለት ነው። ሥርዐቱን በሙሉ ተቀብለው ሰንጠረዣቸውን በመሣሪያው ውስጥ የሚያስገቡ ፋብሪካዎች የትኞቹ እንደሚሆኑ ግን በደንቡ አልተጻፈም፤ እንደ 1992ቱ ሁሉ ለየፋብሪካው ፈቃድ ተትቷል።