«የአንጎል ተግባር ምስል»፦ ስለ ስያሜውና ስለ ፍቺው የቀረበ ሂስ

የሳይንስ ስያሜ ከመነሻው የሳተ እንደሆነ አንባቢውን በቃሉ ብቻ ሳይሆን በነገሩም ያሳስተዋል። ተርጓሚ ፈጥኖ የሚደርስባቸው «ተግባራዊ የአንጎል ምስል» የሚለው አጠራርና «መሣሪያው አእምሮ ሲያስብ ያሳያል» የሚለው ፍቺ ለዚህ ምሳሌ ናቸው።

በመጀመሪያ፣ «ተግባራዊ» በአማርኛ በሥራ ላይ የዋለ ማለት ነው። እዚህ የተፈለገው ግን የአንጎልን ቅርጽ ከሚያሳየው ምስል ሥራውን የሚከታተለውን መለየት ነው። ስለዚህ «የአንጎል ተግባር ምስል» ማለቱን እንመርጣለን።

ሁለተኛ፣ «አንጎል» በራስ ቅል ውስጥ ያለው አካል ሲሆን «አእምሮ» ከግእዙ «አእመረ» የመጣ፣ የማወቅን ችሎታ የሚመለከት ቃል ነው። በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ ከተሞች የሚነገረው ኦሮምኛ «ሰሙ» በሚለው ቃል ሁለቱንም ይጠራል። ከዚያ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው የትኛው እንደተፈለገ ሳይለይ ማለፍ አይገባውም።

ሦስተኛውና ዋናው ጉዳይ ግን ምልክቱ ራሱ ነው። የነርቭ ሕዋሳት ሥራ ሲበረታ በአካባቢው ያሉት የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ የሚደርሰውም ኦክስጅን ከሚፈጀው ይበልጣል። ፎክስና ራይክል እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት የደሙ ፍሰት 29 ከመቶ ሲጨምር የኦክስጅኑ ፍጆታ የጨመረው 5 ከመቶ ብቻ ነበር። ኦክስጅኑን የለቀቀ ሔሞግሎቢን የመግነጢሱን መስክ ያውካል፤ መጠኑ ሲቀንስ ምልክቱ ይጎላል። ሴይጂ ኦጋዋ በ1990 ያቀረበው ስልት የቆመው በዚህ ላይ ነው። ምልክቱ ጫፍ የሚደርሰውም ከነርቩ ሥራ 5 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው።

አምቦ የምትታወቅበትን የማዕድን ውኃ የሚያፈላው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ያው ጋዝ በትንፋሽ ገብቶ በደም ውስጥ ሲበዛ የአንጎልን የደም ሥሮች ያሰፋልና ሰውየው አንዳች የተለየ ሥራ ሳይሰጠው ምልክቱ ይጨምራል። ታዲያ ይህን «ሐሳብ ታየ» እንበለውን?

ምልክቱ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ሎጎቴቲስና ባልደረቦቹ በ2001 በዝንጀሮዎች ላይ ባደረጉት ምርምር ከነርቭ ሥራ ጋር መዛመዱን፣ ይልቁንም ወደ ስፍራው ከሚገባውና በዚያው ከሚካሄደው ሥራ ጋር መቀራረቡን አረጋግጠዋል። ዝምድና ግን አንድነት አይደለም።

ስለዚህ ምልክቱ «የደም ኦክስጅን ምልክት» ይባል፤ «ያሳያል» በሚለውም ፈንታ «ይጠቁማል» ይግባ። «የአንጎሉ ክፍል በራ» የሚለው አነጋገርም ይቅር፤ ቀለሙ ከስሌት በኋላ የሚቀባ ነው፣ «በራለት» ደግሞ በአማርኛ ገባው ማለት ነውና። ለምርምር ፈቃዱን የሚጠየቅ ሰው የሚፈርመው በተርጓሚው ቃል ላይ ተመሥርቶ ነው። የደሙ ፍሰት ሊለካ ሳለ ሐሳቡ ሊነበብ እንደሆነ ከተነገረው፣ ቢፈቅድም ቢከለክልም ውሳኔው በእውነቱ ላይ የቆመ አይሆንም።