የኤፒፊለም አሳዳጊ ሙያ በምን ይታወቃል?

ተንጠልጥለው የሚያድጉና ትልልቅ አበባ የሚሰጡ ካክተሶችን በአበባቸው ብቻ የሚመዝን ሰው በቀላሉ ይሳሳታል። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኤፒፊለም ኦክሲፔታለም ነጭ አበባውን ሲመሽ ይከፍታል፣ ሲነጋ ጠውልጎ ይገኛል። ግንዱ ግን የዓመታት አያያዙን አይደብቅም። ስለዚህ ዳኝነቱን ከግንዱ ጀምሩ።

ርዝመት አያታልላችሁ። ብርሃን ያጣ ተክልም ይረዝማል፤ የሚያወጣው ግን ቀጭን አለንጋ ነው። በደንብ የተያዘ ግንድ እንደ ቅጠል ጠፍጣፋና ሰፊ ሆኖ፣ ሲነኩት ጠንከር ይላል። ቢጫነት ወይም መቅላት ካያችሁበት ፀሐይ በዝቶበት ይሆናል። ከተሸበሸበ ደግሞ ውሃ ጠምቶታል ብላችሁ አትቸኩሉ፤ አፈሩን ንኩት። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ግንዱ ከተሸበሸበ ሥሩ መበስበሱን ጠርጥሩ።

የተክሉ አገር ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። እዚያ የሚኖረው በረሃ ውስጥ ሳይሆን ደን ውስጥ፣ ዛፍ ላይ ወጥቶ ነው፤ ሥሩን የሚሰደው በቅርንጫፎች መሐል በተጠራቀመ የበሰበሰ ቅጠል ውስጥ ነው። ጭቃ የሚሆን አፈር ያፍነዋል። ሙያ ያለው ሰው የዛፍ ቅርፊትና ፔርላይት የተባለ ቀላል ጠጠር ቀላቅሎ አየር የሚያስገባ መትከያ ያዘጋጅለታል። የተተከለበት ዕቃ ጠበብ ማለቱን እንደ ጉድለት አትቁጠሩበት፤ ሰፊ ዕቃና ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ግንድ እንጂ አበባ አያበዙም።

አሁን የግንዱን ጠርዝ በጣታችሁ ተከተሉ። ጠርዙ ላይ ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች ታገኛላችሁ፤ እንቡጥ የሚወጣው ከእነሱ ነው። አንዱ ጎድጓዳ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ አበባ በላይ አይሰጥም፤ ካበበ በኋላ ትንሽ ጠባሳ ይቀርበታል። ጠባሳዎቹን መቁጠር የተክሉን ታሪክ ማንበብ ነው። አዋቂ አሳዳጊ አብቦ የጨረሰውን ግንድ ቆርጦ ለአዲሱ ቦታ ይለቃል፤ ገና ያልሰጠውን ግን አይነካም።

አበባው ሲመጣ ርዝመቱ እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ሙሉ በሙሉ መከፈቱን፣ የአበባ ቅጠሎቹ አለመጎዳታቸውንና መዓዛውን መርምሩ፤ መዓዛው የሌሊት የእሳት እራቶችን የሚጠራበት ነውና። ቀይና ሮዝ ዲቃላዎች ግን ብዙዎቹ በቀን ከፍተው ለቀናት ስለሚቆዩ፣ በመዓዛ ማነስ አትቅጧቸው።

አንድ ትልቅ አበባ ብቻ ከያዘ ረጅም ተክል እና፣ ጠባሳ ያለው አሮጌ ግንድ፣ እንቡጥ የያዘ ጎልማሳ ግንድና አዲስ ቀንበጥ አብረው ከሚታዩበት አጠር ያለ ተክል አንዱን እንድመርጥ ብጠየቅ፣ ሁለተኛውን አስቀድማለሁ። የመጀመሪያው ዘንድሮ አማረለት፤ ሁለተኛው ለከርሞም ታስቦበታል።