የሱሉልታ ድርቆሽ

እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ የሚወርድ ሰው በጥቅምትና በኅዳር ሜዳውን ቆም ብሎ ይመልከት። ክረምቱን ውሃ ሲተኛበት የከረመው መሬት የወለደውን ሣር አጫጆች በማጭድ ያጋድሙታል፤ ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የወተት ላሞች በበጋ ከሚቀለቡት አንዱ ይህ ድርቆሽ ነው።

እኔን የሚያስደንቀኝ የጊዜ ምርጫው ነው። የሐሩር ክልል ሣር ቶሎ ያድጋል፤ ቶሎም ያረጃል። ማበብ ሲጀምር ቢያጭዱት ቅጠሉ ብዙ፣ ፕሮቲኑም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ክረምቱ ጠቅልሎ ካልወጣ የታጨደውን ሻጋታ ይመታዋል። ዘሩን እስኪያራግፍ ቢጠብቁት ደግሞ አገዳው ይጠነክርና ከገለባ ብዙም አይሻልም። ገበሬው ሰማዩን እያየ በሁለቱ መካከል ያለችውን አጭር ጊዜ ይሻማል። ማገላበጡም ልክ አለው፦ ከመጠን በላይ የደረቀው ቅጠሉ ይረግፋል፣ ሳይደርቅ የተከመረው ከውስጥ ግሎ ይበላሻል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ትልቅ ሙያ ነው።

ድርቆሽ የምትገዙ አርቢዎች፣ እስሩን ፈታ አድርጋችሁ ቀለሙን እዩ፣ አሽትቱትም። አረንጓዴነቱን ያልለቀቀ ሆኖ ካገኛችሁት፣ በጊዜው ላጨደው ሰው የድካሙን ዋጋ ሳትሰስቱ ክፈሉት።