ስላልተፈጸሙ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች

በካሜራ ሙያ ለሚኖር ሰው ተፈጽሞ ከወጣው ፊልም ይልቅ ሳይፈጸም የቀረው አብልጦ ያስተምረዋል ብል ነገሩ እንግዳ ይመስል ይሆናል፤ እኔ ግን የካ ተቀምጬ የእንጦጦን ብርሃን ስከታተል በኖርሁባቸው ዓመታት ይህን እያደር አጥብቄ አምኜዋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበኝ የሶቪየቱ ፊልም ሠሪ ሰርጌይ አይዘንሽታይን እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1932 ድረስ በሜክሲኮ የቀረጸውና ወጪውን የሸፈነው ደራሲ አፕተን ሲንክለር ሥራውን ስላስቆመ ሳያቀናብረው የቀረው «ኬ ቪቫ ሜሂኮ» ነው። ካሜራውን የያዘው ኤድዋርድ ቲሴ ወደ ምድር ዝቅ ብሎ፣ የቃጫውን ሹል ቅጠልና የገበሬውን ባርኔጣ በደመና ላይ ሲያሳርፍ፣ እያንዳንዱ ምስል በራሱ ምሉእ ሆኖ ይቆማል። የሜክሲኮ ደጋ እንደ እኛው ደጋ አየሩ ስስ፣ ሰማዩም ጥልቅ ሰማያዊ ነውና፣ በጥቁርና ነጭ ፊልም ለሚቀርጽ ሰው በሌንሱ ፊት ቀይ ፊልተር ማድረግ ብቻ ሰማዩን ሊያጠቁርለት፣ ደመናውንም ሊያነጣለት ይበቃል። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ከፍታ ባለው እንጦጦ ላይ፣ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ባሕር ዛፉን ከሰማዩ ጋር አስማምቶ ለመቅረጽ የሞከረ ሁሉ ይህን ብርሃን ያውቀዋል።

ነገር ግን አይዘንሽታይን የሲኒማ ምሥጢሩ በቅንብር ነው፣ ምስል ከምስል ሲጋጭም በሁለቱም ያልነበረ ሦስተኛ ሐሳብ ይወለዳል ብሎ ያስተማረ ሊቅ ስለ ነበረ፣ እኛ ዛሬ በርዝመታቸው የምንመሰጥባቸውን ሾቶች እርሱ በእጁ ቢያገኛቸው ኖሮ ቆራርጦ ባሳለፋቸው ነበር። የምናደንቀው እንግዲህ እርሱ ያሰበውን ድርሰት ሳይሆን፣ በተፈጸመ ፊልም ውስጥ መቀስ የሚበላውን ትርፍ፣ ማለት ሰውየው ገና ሳይንቀሳቀስ ካሜራው ብርሃኑን የጠበቀበትን ትዕግሥት ነው።

የዚሁ ሊቅ ሌላ ፊልም የሆነው የ«ቤዥን መስክ» ዕጣ ከዚህም የመረረ ነው። ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1937 በሹማምንት ትእዛዝ ተቋርጦ፣ በኋላም ከነጭራሹ ጠፍቶ ሳለ፣ የአይዘንሽታይን ባለቤት ፔራ አታሼቫ ከየሾቱ የተቆረጡ ነጠላ ፍሬሞችን ጠብቃ አኑራ ነበርና፣ ሰርጌይ ዩትኬቪችና ናኡም ክሌይማን ከእነዚያ ፍሬሞች ግማሽ ሰዓት ያህል የሚታይ የቆሙ ምስሎች ተከታታይ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1967 አወጡ። እርሱን ባየሁ ቁጥር በቤተ ክርስቲያን መቅደስ ግድግዳ ላይ በየክፍሉ የሚሣለው ገድል ይታወሰኛል፤ በአንዱና በሌላው ሥዕል መካከል የጎደለውን እንቅስቃሴ ምእመኑ በልቡናው ይፈጽመዋልና። ሠዓሊው ግን እዚያ ያቆመው በፈቃዱ ነው፤ የቤዥን መስክ የቆመው ከሠሪው እጅ ተነጥቆ ስለሆነ፣ ውበቱን ሳወድስ ሐዘኑን መርሳት አይቻለኝም።

ዕጣ በአይዘንሽታይን ላይ በግድ ያመጣችውን ያልተቆረጠ ምስል የአገራችን ፊልም ሠሪ ኃይሌ ገሪማ በፈቃዱ መረጠው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1976 ለዕይታ የበቃው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ያለ ጥርጥር የተፈጸመ ሥራ ነው፤ ሆኖም ዙፋኑ በወደቀበት ሰሞን፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ተቀርጾ፣ ከ2 ሰዓት በላይ በሚዘልቀው ቅንብሩ ውስጥ የጥሬ ምስልን ግርማ እንደ ያዘ ቀርቷል። ገበሬው ከሩቅ እየቀረበ ሲመጣ መቀሱ አይቸኩልበትም፤ ተመልካቹ የድካሙን ርዝመት በራሱ ጊዜ ይለካዋል። በአገራችን ፊልም ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የካሜራና የቅንብር ስምምነት አላየሁም።

አብረውኝ ወደ ኮረብታው ለሚወጡት ወጣቶች፣ ሰውየው ከፍሬሙ ከወጣ በኋላ ካሜራውን ወዲያው አትዝጉት፣ ወደ ቅንብር ስትገቡም አንዲት ሾት ሳትቆርጡ የቀኑን ቀረጻ ሁሉ ያለ ድምፅ ከዳር እስከ ዳር እዩት እላቸዋለሁ። ከዚህ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ግን፣ በሴሉሎይድ ዘመን የተጣለው ቁራጭ እንኳ በቆርቆሮ ሣጥን ተቀምጦ ይቆይ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ለነገው ቀረጻ ካርዱ ባዶ ይሁን ተብሎ ያልተመረጠው ምስል በዚያው ሌሊት መደምሰሱ ነው። ሁሉን ማኖር ባይቻል፣ አታሼቫ እንዳደረገችው ከየሾቱ አንድ ፍሬም፣ ቀኑና ቦታው ተጽፎበት፣ ይቀመጥ።